ሰንጢው ከኪስ ሲወጣ

ሰንጢ ስለመምረጥ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ፣ ድሮ ወሬዬ ሁሉ ስለ ብረቱ ነበር። ስለቱ ምን ያህል ይቆያል፣ ይዝጋል አይዝግም፣ ሲከፈት ይቆልፋል ወይስ በሞላ ብቻ ይያዛል፣ እጀታው ላብ በያዘው እጅ ይንሸራተታል ወይ። አሁን ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ "የት ነው የምታወጣው? ማን ፊት?" ብዙዎቹ ይስቃሉ። እኔም ይህን ጥያቄ የተማርኩት አሶሳ ላይ፣ ያውም ስለ ብረት አውቃለሁ ብዬ በምኩራራበት ሰሞን ነው።

ሥራዬ ከችግኝ ጋር ነው፤ ኪስ ውስጥ ስለት ሳይኖር የሚሠራ ሥራ አይደለም። የችግኝ ፕላስቲክ መቅደድ፣ የማዳበሪያ ጆንያ አፍ መክፈት፣ ሲባጎ መቁረጥ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ መመልመል፣ እርሳስ መቅረጽ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ቲማቲምና ቃሪያ መክተፍ፣ ሁሉም አንድ ሰንጢ ላይ ይወድቃል። ቢላዋው ቤት ነው፤ ገጀራውም አጥር ጥግ ተሰክቶ ነው። ኪስ ውስጥ ያለው ግን በሄዱበት ሁሉ አለ። በሄዱበት ሁሉ ያለ ዕቃ ደግሞ በሄዱበት ሁሉ ይታያል።

አሶሳን የማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ይያዝልኝ። እዚህ ስለትን የሚፈትነው ሥጋም ዛፍም አይደለም፤ ሽመል ነው። ሽመል የቆላ ቀርከሃ ነው፤ የሀገራችን የቆላ ቀርከሃ ትልቁ ድርሻ ያለውም እኛ ባለንበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ነው። ቤቱ፣ አጥሩ፣ ጎተራው፣ አልጋው፣ ቀፎው ሳይቀር ከሱ ይሠራል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ቡቃያው ተቀቅሎ ይበላል። የእንጅባራና የሲዳማ ደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው። የኛ የቆላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ድፍን ነው፤ ገጀራ ሲያርፍበት እንኳ የሚሰጠው ድምፅ የተለየ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ አሸዋን አሸዋ የሚያደርገው ሲሊካ በልባሱ ውስጥ አለ። ስለዚህ ጠዋት ወረቀት ይሰነጥቅ የነበረ ሰንጢ፣ ጥቂት ሽመል ከላጡበት፣ ማታ ቲማቲም ላይ ይንሸራተታል። ከሌላ አገር የመጣ የሰንጢ ምክር ሁሉ እዚህ ሲደርስ የሚሰናከለው በዚህ ነው። ስለቱ አይደንዝዝ ብሎ መመኘት ከንቱ ነው፤ ይደነዝዛል። የሚያዋጣው ቶሎ የሚሳል ብረት መፈለግ ነው።

ገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ሰንጢ ከቻይና የመጣ ነው። ምላጩ ላይ "ስቴንለስ" የሚል ጽሑፍ ታትሞበታል፤ ሻጩም በጽሑፉ ይምላል። እውነት ነው፣ ብረት ዝገትን እንዲቋቋም ከ10.5 በመቶ ያላነሰ ክሮሚየም ሊኖረው ይገባል፤ ጽሑፉ የሚነግረን ግን ይህን ብቻ ነው። ስለት የሚይዘው በካርቦኑና በእሳት አያያዙ ነው፤ የእሳቱን ልክ ደግሞ ማንም ምላጭ ላይ አይጽፍም። ክሮሚየም ሞልቶት ካርቦን ያነሰው ምላጭ አይዝግም፣ አይቆርጥምም። በሌላ በኩል ካርቦኑ የበዛው፣ ክሮሚየም የሌለው ብረት እንደ ምላጭ ይሳላል፤ ነገር ግን በክረምቱ እርጥበት አንድ ሌሊት ሳይወለወል ካደረ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። የማንጎ ሙጫና የሎሚ ጭማቂ ሲነካውም ይጠቁራል። መጥቆሩ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ከዝገት ጥቂት ይከላከለዋል፤ ግን በጠቆረ ምላጭ የተላጠ ማንጎ ለእንግዳ ሲያቀርቡ ፊቱን ማየት ነው።

ስዊዘርላንዳዊው ካርል ኤልስነር እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባክ በምትባል መንደር ሥራ ጀምሮ በ1891 ለሀገሩ ወታደር ሰንጢ ማቅረብ ያዘ። ዛሬ ቪክቶሪኖክስ የምንለው ነው። የምላጩ ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ 55 እና 56 አካባቢ ላይ ነው የሚቆመው። ለስለት የሚጨነቁ ሰዎች ይህን "ለስላሳ" ይሉታል፤ 60 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። እኔም እንደነሱ እል ነበር። አሶሳ ላይ ግን 60ው የሚሳልበት ድንጋይ ከየት ይመጣል? እዚህ ያለን ሞረድ፣ የወንዝ ድንጋይና የሲኒ ቂጥ ነው። በሲኒ ቂጥ አትሳቁ፤ ያልተቀባው የሸክላ ጠርዝ ለስላሳውን ምላጭ ከቡና ሦስተኛው ሳይደርስ ይመልሰዋል። ጠንካራው ግን አንዴ ከደነዘዘ ይዞት የሚቀመጠው ድንዝነቱን ነው።

በነገራችን ላይ የአገር ውስጥ ብረትም አለ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰዎች የሰፈሩባቸው፣ አምባ፣ መገሌ፣ ሰልጋ እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች በአሶሳ ዙሪያ አሉ። ከነዚህ በአንዱ ወናፋቸውን ተክለው ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋ የሚያወጡ ቀጥቃጭ አውቃለሁ። ባሌስትራ ለዚህ የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሳይሰበር እንዲለመጥ የተሠራ፣ ካርቦኑ በልኩ የሆነ ብረት ነው። አግለው ይመቱታል፣ መልክ ያስይዙታል፣ እንደገና አግለው የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ይነክሩታል። አንድ ቀን "ጋሼ፣ የሚታጠፍ ይሠሩልኛል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ብረቱን ከእሳቱ ሳያወጡ መለሱልኝ፦ "ልጄ፣ እሱ የሰዓት ሠሪ ሥራ ነው። እኔ የምሠራው አንዴ ከቀና የማይታጠፈውን ነው።" እውነታቸውን ነው። ሰንጢን ሰንጢ የሚያደርገው ምላጩ ብቻ አይደለም፤ ሞላው፣ የሚዞርበት ሚስማር፣ በሁለቱ ሳህኖች መካከል ያለው የፀጉር ያህል ክፍተት ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱበት አገር ውስጥ፣ ይህን ጥበብ የሚያሳድግ ቀጥቃጭ ለምን አልበዛም ብሎ መጠየቅ የዋህነት ነው። ስድቡ ከአዋጁ የረዘመ ዕድሜ ነበረው።

ስለ መቆለፊያውም ትንሽ ልበል፤ ጣት የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነውና። የማይቆልፍ ሰንጢ በሞላ ብቻ ተይዞ ይቆማል፤ ወደ ታች እስከቆረጡበት ድረስ ደኅና ነው። ጆንያ ለመብሳት በጫፉ ሲወጉበት ግን ታጥፎ ጣት ላይ ይመጣል። የሚቆልፈው ከዚህ ያድናል፣ መቆለፊያው እውነተኛ ከሆነ። ከመግዛት በፊት ከፍቶ፣ ጣትን ከምላጩ መንገድ አርቆ፣ የምላጩን ጀርባ በጠረጴዛ ጠርዝ ቀስ አድርጎ መጫን ነው፤ የሚሸሽ መቆለፊያ ወዲያው ይታወቃል። ግራና ቀኝ ሲነቀንቁት የሚወዛወዘውንም ይተዉት። ፈረንሳዩ ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 የጀመረው የእንጨት እጀታ ሰንጢ ከ1955 ወዲህ በሚዞር ቀለበት ይቆለፋል፤ ከዚህ የቀለለ ዘዴ አላየሁም። እንከኑ ግን ለኛ ክረምት ነው፤ እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ምላጩን አልከፍትም ይላል።

ይህን ሁሉ አውቄ የገዛሁት ምን ነበር? ጥቁር ሰንጢ። መርካቶ አግኝቼው ከኪሴ አቅም በላይ ከፈልኩበት። ምላጩ ከመዳፌ ይረዝማል፣ ግማሹ የመጋዝ ጥርስ አለው፣ ከጫፍ እስከ እጀታ ጥቁር የተቀባ ነው፤ በአውራ ጣት ነካ ሲያደርጉት በሞላ ተስፈንጥሮ "ቋ!" ብሎ ይቆማል። ብረቱ ጥሩ ነበር፤ መቆለፊያውም አያሳማም። እውነቱን ለመናገር ግን የወደድኩት ብረቱን አልነበረም፤ ያንን ድምፅ ነው። ስብሰባ ላይ ሲሰለቸኝ ጠረጴዛ ሥር እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ሻይ ቤት ተቀምጬ ምንም የሚቆረጥ ነገር ሳይኖር አወጣዋለሁ። ጓደኞቼ "እስቲ ልየው" ሲሉኝ ደስ ይለኛል። የሚያስፈልገኝ የችግኝ ፕላስቲክ የሚቀድ ስለት ሆኖ ሳለ፣ የያዝኩት ፊልም ላይ ያየሁትን ሰው ዕቃ ነበር።

ጊዜው ግን ፊልም አልነበረም። ሰኔ 2010 ላይ አሶሳ ከተማ ውስጥ በተነሣ ግጭት ሰዎች ሞተዋል። በመስከረም 2011 የክልላችን የካማሺ ዞን ታምሶ ሕዝብ ወደ ወለጋ ፈልሷል። በታኅሣሥ 2013 በዚሁ ክልል በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ላይ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰው ተገድሏል፤ ቤቶችም ተቃጥለዋል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ታጣቂዎች ሰዳል ወረዳን ሲይዙ ነዋሪው ነፍሱን ይዞ ወጥቷል። እነዚህን ዜናዎች እኔም እንደ ሰው ሁሉ ሰምቻለሁ፣ አዝኛለሁ። ከኪሴ ዕቃ ጋር ግን አላገናኘኋቸውም። ምን ያገናኛቸዋል? እኔ ማንጎ ነው የምልጠው።

ማንጎ ልልጥ ስልም ነው የተማርኩት። አሶሳ ውስጥ ማንጎ የሌለበት ግቢ አይገኝም ማለት ይቀላል፤ ቡና የሚሸጥበት ጥላም ማንጎ ሥር ነው። አንዲት ቡና የምታፈላ ልጅ ዘንድ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀምጠናል። ዕቃ የምታጥብላት አንዲት እናት ነበረች፣ ከካማሺ በኩል ተፈናቅላ የመጣች፤ ልጇ አጠገባችን መሬት ላይ ይጫወታል። ከዛፉ የወደቀ ማንጎ አንሥቶ በጥርሱ ሲታገለው አየሁና "ና፣ ልላጥልህ" አልኩት። ኪሴ ገባሁ። ቋ!

ልጁ ማንጎውን ጥሎ አግዳሚው ሥር ገባ። እናትየው ምንም አላለችም። እጇ እንደረጠበ ተነሥታ መጣችና በእኔና በአግዳሚው መካከል ቆመች፤ እኔን እያየች ሳይሆን እጄን እያየች። ባልደረባዬ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ቡና የምታፈላው ልጅ ከረከቦቱ ቀና ሳትል "ወንድሜ፣ ማንጎውን እኔ እልጥለታለሁ፤ አንተ እሱን ክተተው" አለችኝ። እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ጫፉ የጎመደ የሽንኩርት ቢላዋ አነሣች። ልጁ ከአግዳሚው ሥር ሆኖ የሷን ቢላዋ አየ፣ ከዚያ ወጣ።

ያን ቀን ተናድጄ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። በማን እንደተናደድኩ ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም። የሰጠሁት ማንጎ፣ የተረፈኝ ክስ ሆነ ብዬ ለራሴ ጠበቃ ሆንኩ። የሷ ቢላዋ ከኔ ሰንጢ ያነሰ ይቆርጣል እንዴ? እንዲያውም የሷ ስለት ተሸፋፍኖ አያውቅም፣ የኔ ታጥፎ ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ጨዋ ነው። ክርክሬን ያፈረሰው ከዚያ በኋላ የገጠመኝ የኬላ ፍተሻ ነው። አንድ ፖሊስ ከኪሴ አውጥቶ በእጁ እየመዘነ "ይሄ ለምንድን ነው?" አለኝ። "ለሥራ ነው፤ የችግኝ ባለሙያ ነኝ" አልኩት፤ መታወቂያም አሳየሁ። በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው። ቋ። "የሥራ ሰንጢ እንዲህ አይጮህም" ብሎ መለሰልኝ። አልወሰደብኝም። ቢወስድብኝ ኖሮ ተበደልኩ እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ አወራው ነበር፤ ስለመለሰልኝ ግን የተናገረውን ከማሰብ በቀር ምርጫ አጣሁ።

አንድ ጥሩ መከራከሪያ ቀርቶኝ ነበር። በዚህ ክልል ስለት አይታይም ያለው ማነው? ገበሬው ገጀራውን ትከሻው ላይ ጥሎ በከተማው መሐል ያልፋል። የጉሙዝ ወንድ ቀስቱን ይዞ ገበያ ሲወጣ የኖረ ነው። ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ደግሞ ቢላን ከነአፎቱ ክንድ ላይ አስሮ መሄድ የወንድ ጌጥ ነው። ከነዚህ ሁሉ ፊት የኔ የኪስ ምላጭ ምን ታስፈራለች?

ይህን ሳወጣ ሳወርድ ነው ነገሩ የገባኝ። ገጀራው ትከሻ ላይ ሆኖ ከሩቅ ይታያል፤ ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ሊቆርጥ እንደሆነ ከመድረሱ በፊት ተነግሯል። ክንድ ላይ የታሰረውም እንዲሁ፣ አለሁ ብሎ ነው የሚመጣው። ሰንጢ ግን የሌለ መስሎ ቆይቶ ድንገት ይኖራል። ባዶ የነበረ እጅ በቅጽበት ስለት ይይዛል፤ የሚያየው ሰው ምክንያቱን ለመገመት ጊዜ አይሰጠውም። ፍርሃቱን የሚወልደው የምላጩ ርዝመት ሳይሆን ይህ ድንገተኛነት ነው። የኔ ጥቁር ሰንጢ ደግሞ የተሠራው ድንገተኛነቱን ለማፋጠን ነው። በአንድ እጅ፣ በአንድ አፍታ፣ ከነድምፁ። ሌላውን እጄን በሌላ ሥራ ለያዝኩበት ጊዜ ይጠቅማል ብዬ የገዛሁት ነገር፣ ለተመልካቹ የሚናገረው ሌላ ቋንቋ ነበር።

በሌሎች አገሮችም ሕግ ሰንጢን የሚመዝነው ከብረቱ ጥራት ይልቅ በሌላው ሰው ላይ በሚያመጣው ስጋት ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ሕግ፣ አንድ ሰው በቂ ምክንያት ሳይጠየቅ አደባባይ ይዞት ሊሄድ የሚችለው ምላጩ ከ3 ኢንች ያልበለጠና ሲከፈት የማይቆልፍ ተጣጣፊ ሰንጢ ነው። የጃፓን የስለት ሕግም ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ምላጭ ያለ ምክንያት ይዞ መሄድን በጥቅሉ ይከለክላል። ለጣቴ ይበጃል ብዬ ያወደስኩትን መቆለፊያ እንግሊዞች ለጎረቤት አይበጅም ብለው እንደ አደጋ ቆጠሩት፤ ሁለታችንም ልክ ነን፣ የምናስበው ስለ ተለያየ ሰው ነው። ኦካፒ የሚባለው ሰንጢ ታሪክም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ጀርመኖች በአፍሪካ ለነበሯቸው ቅኝ ግዛቶች ብለው የሠሩት ርካሽ የሥራ ሰንጢ ነበር፤ በኋላ ምርቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረ። ዛሬም ስንት ገበሬ ገመድ ይቆርጥበታል። ሲከፈት ቀ-ቀ-ቀ የሚለው ጥርሱ ግን በየከተማው ዳርቻ የወንበዴ ምልክት ሆኖ ቀረ። ብረቱ አልተለወጠም፣ ድምፁን የሰሙት ሰዎች ናቸው ስም ያወጡለት። በኛም አገር ለመስቀል፣ ለጥምቀትና ለኢሬቻ ሕዝብ ሲሰበሰብ ፖሊስ ስለት ይዞ መምጣት ክልክል ነው ብሎ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ለሽንኩርት ነው የሚል መልስ እዚያ አይሠራም፣ መሥራትም የለበትም።

ጥቁሩን ሰንጢ አልጣልኩትም፤ ቤት መሣቢያ ውስጥ ነው፣ ካርቶን ይቆርጣል። አሁን ኪሴ ያለው ምላጩ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ብርማ ብረቱ ሳይቀባ የቀረ፣ በጥፍር ተይዞ በሁለት እጅ የሚከፈት ነው። እጀታው ቀይ ነው፤ ሣር ውስጥ ሲወድቅም ይታያል፣ ሰው እጅ ላይ ሲታይም የወጥ ቤት ዕቃ ይመስላል። አይቆልፍም፣ ስለዚህ ጆንያ አልወጋበትም፣ አፉን ከስፌቱ እፈታለሁ። ለመሳል የሲኒ ቂጥ ይበቃዋል። ባልደረቦቼ "የሴት ቦርሳ ሰንጢ" ብለው ቀልደውበታል፤ ይቀልዱ። ማንጎ ስልጥበት ግን ልጆች ይከቡኛል።

አወጣጤም ተለውጧል። የምቆርጠውን ነገር መጀመሪያ እይዛለሁ፤ ማንጎው ወይም ገመዱ እጄ ላይ ከታየ በኋላ ነው ሰንጢው የሚመጣው። "ይቺን ልቁረጣት" ብዬ እናገራለሁ፤ ሞኝ ቢያስመስለኝም ግድ የለኝም። ቀስ ብዬ፣ ከወገብ በታች እከፍታለሁ። ሥራው ሲያልቅ ጠርጌ ወዲያው አጥፋለሁ፤ ከፍቶ ይዞ ወሬ መቀጠል ቀርቷል። ሰው ሲዋሰኝም አጥፌ ነው የምሰጠው። እናቴ ቢላዋ ከእጅ ወደ እጅ አትቀበልም ነበር፣ "አስቀምጠው፣ አነሣዋለሁ" ትል ነበር። ጠብ ያመጣል የሚለውን ምክንያቷን ባልቀበልም፣ ሥርዓቱን አሁን እከተለዋለሁ።

አንድ ማስተካከያ ለሥራ ባልደረቦቼ። ማንጎ ለማዳቀል፣ ግራፍቲንግ ለምንለው ሥራ፣ የኪስ ሰንጢ አይበቃም። ምላጩ በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ፣ በሌላው ወገን እንደ ማስመሪያ የተስተካከለ ካልሆነ፣ ከላይ የሚሰካው ቅርንጫፍና ከሥር ያለው ችግኝ ፊታቸው አይገጥምም፤ ካልገጠመ ደግሞ ምንም ያህል በፕላስቲክ ቢታሰር ይደርቃል። ያኛው ሰንጢ ከችግኝ ጣቢያ አይውጣ። ሽመልም ሽንኩርትም አይንካው፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄድ በአልኮል ይጠረግ። ይህን ለሁሉ ሥራ ልጠቀምበት ያለ ሰው ሰንጢውንም ችግኙንም ያጣል።

እንግዲህ ለመግዛት ለምትነሡ ቃሌ ይህ ነው። በአንድ እጅ ተስፈንጥሮ የሚከፈተውን፣ ጥቁር የተቀባውንና የመጋዝ ጥርስ ያለውን ተዉት፤ ሻጩ ምንም ያህል ቢያሞግሰው። ምላጩ ከአራት ጣት ስፋት ያልበለጠ፣ በጥፍር የሚከፈት፣ የማይወዛወዝ፣ በሲኒ ቂጥ የሚሳል ያዙ። ከአሶሳ አዲስ አበባ በነቀምት በኩል ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ብዙዎቻችን በአውሮፕላን ነው የምንሄደው፤ ወደ ኤርፖርት ከመነሣታችሁ በፊት ኪሳችሁን ዳብሱና ሰንጢውን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት።